ከሙላት ወደ ሙሌት፦ የአዋሽና የኦሞ የግድብ ተቃውሞ በቋንቋ ታሪክ ዐይን

ፔካ 12 ስሙን ያገኘው ከመንገድ ልኬት ነው። «ፔ» እና «ካ» የፈረንሳይኛው «ፖዋን ኪሎሜትሪክ» የመጀመሪያ ፊደላት ንባብ ሲሆኑ፣ ሰፈሩ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ኢትዮጵያ በሚያወጣው አውራ ጎዳና ዐሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መቆሙን ያመለክታሉ። ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ የሻይ ቤት አግዳሚ ላይ የሚሰሙበት፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ በሰሌዳና በደረሰኝ ላይ የሚነበብበት ሰፈር ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች እዚህ ይቆማሉ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል እዚሁ ይደርሳል፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ 283 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያርፈው በፔካ 12 ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ግን በራሳቸው ቁጥርና ዓመት ተጠቅሰዋል።)

ጅቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ስለዚህ የውሃ ኃይል ግድብም፣ ግድቡን የሚቃወም የወንዝ ዳር መንደርም የላትም። የግድብ ተቃውሞን ታሪክ ከዚህ ሆኖ መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በፔካ 12 የሚበራው አምፖል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሌላ ሰው ወንዝ ነው። ከዚህም በላይ አዋሽ አለ። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በታችኛው አዋሽ ዳር የሚኖረው ሕዝብ አፋር ነው፤ በባልባላና በፔካ 12 የሚኖሩ ብዙ የአፋር ቤተሰቦችም ከድንበሩ ማዶ ዘመድ አላቸው። ሽቦውም ወንዙም ጫፋቸው ወደዚህ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። በአዋሽ ላይ ከ1960 ጀምሮ፣ በኦሞ ላይ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ የተሠሩትን ግድቦች በታችኛው ተፋሰስ የሚኖሩ ሰዎች ተቃውመው እንደ ሆነ የአማርኛውን መዝገብ ብንጠይቅ «ተቃውሞ» የሚለውን ቃል የምናገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የምናገኘው «የፀጥታ ችግር»፣ «የግንዛቤ እጥረት»፣ «የጎሣ ግጭት» የሚል ነው። የኔ መልስ ተቃውሞው ነበረ የሚል ነው። ይሁን እንጂ የተነገረበት ቋንቋ የመዝገቡ ቋንቋ አልነበረም፤ ወደ መዝገቡ ቋንቋ በተተረጎመ ጊዜም ዋናው ቃሉ ትርጉሙን ገልብጦ ገባ። ያ ቃል «ጎርፍ» ነው። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ግድብ ስሞች ትንሽ ማለት ያስፈልጋል።

በፔካ 12 ከሚሰሙት ቋንቋዎች ሁለቱ ለግድብ የሚሰጡት ስም ከእስር ጋር አንድ ግንድ አለው። ኦሮምኛ ግድብን «ሂዻ» ይለዋል፤ ግሡ ማሰር ማለት ሲሆን እስር ቤትም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ሶማልኛ «ቢዮ ሒሬን» ይላል፤ «ቢዮ» ውሃ ነው፣ «ሒር» ደግሞ መዝጋትም፣ ማሰርም፣ ሰውን ይዞ ማቆየትም ነው። አማርኛ «አሰረ» በሚለው ግሡ ውስጥ ይህንኑ ድርብ ትርጉም ይዞ ሳለ ለወንዝ አልተጠቀመበትም፤ «ገደበ»ን መረጠ። «ግድብ» ከ«ገደብ» ጋር ይዛመዳል፤ ገደብ ልክ ነው፣ ወሰን ነው፣ ሥርዐት ነው። ከእነዚህ ስሞች ተነሥቶ ስለ ሕዝቦች አስተሳሰብ ድምዳሜ መስጠት የዘመናችን የቋንቋ ጥናት የሚጠየፈው ነገር ነው፤ እኔም አልሰጥም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ የታሰረን ነገር በተመለከተ «ማን አሰረው? ለምን ታሰረ? መቼ ይፈታል?» ብሎ መጠየቅ በቋንቋው ውስጥ የተዘጋጀ መንገድ አለው። ገደብ የተበጀለትን ነገር በተመለከተ ግን ጥያቄው ያን ያህል ቅርብ አይደለም።

ቆቃና ከቆቃ በታች

የቆቃ ግድብ ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። የማመንጨት ዐቅሙ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር፤ ገንዘቡም የተገኘው ጣሊያን በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል መሠረት ለኢትዮጵያ ከምትከፍለው የጦር ካሳ ነው። ስለዚህ ይህ ግድብ ራሱ ካሳ ነው። ቃሉን ልብ ይሏል። «ካሳ» በኢትዮጵያ የውሃ ልማት ታሪክ ውስጥ በመጀመሪያ የሚታየው መንግሥት እንደ ተበዳይ የተቀበለው ሆኖ ነው፤ ዜጋ ከመንግሥት የሚጠይቀው ሆኖ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ ከቆቃ ሌላ «ገሊላ» የሚል ስም ተሰጠው። ስሙ ከወንጌል ነው፤ ውሃው የሸፈነው መሬት ግን የጅሌ ኦሮሞ ግጦሽና ማሳ ነበር። ጣሊያናዊው ሥራ ለከተማው አማርኛ «ኮረንቲ» የሚለውን ቃል አላመጣለትም፤ ቃሉ ከዚያ በፊትም ነበረ። ሆኖም ከ«መብራት» ጎን ለጎን እስከ ዛሬ የዘለቀው ይህ የጣሊያንኛ ውሰት ከእንዲህ ያለው ታሪክ ጋር መነበቡ አይከፋም።

ሕጉ ቀድሞ መንገዱን ጠርጎ ነበር። የ1955ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 በማንም ሰው ስም ያልተያዘን መሬት፣ ደንን፣ የግጦሽ መሬትን፣ ወንዝንና ሐይቅን የመንግሥት ሀብት አድርጎ ደንግጓል። ግጦሽና ወንዝ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት አልባ ሆኑ ማለት ነው። ይህ ከሆነ በኋላ አፋሩ «ወንዜን ወሰዱብኝ» ቢል በሕጉ አማርኛ ባለቤት አመልካቹ «ዬ» የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ የጥጥ እርሻ ከፈተ፤ በመተሐራ የሆላንዱ ሐቬአ፣ ቀደም ሲል በወንጂ እንዳደረገው ሁሉ፣ ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ የከረዩ ኦሮሞም ግጦሹን አጣ። አዋሽ ሁለት በ1966፣ አዋሽ ሦስት በ1971 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተጨመሩ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆቃ የሚቆጣጠረው የላይኛውን ተፋሰስ ውሃ ነው፤ ከሰም፣ ሚሌና ሎጊያን የመሳሰሉት ገባሮች የሚቀላቀሉት ከእርሱ በታች ነው። የታችኛውን አዋሽ ሙላት ያጠፋው ቆቃ ብቻውን ነው ማለት ትክክል አይሆንም። ቆቃ ያደረገው የወንዙን ፍሰት ዓመቱን ሙሉ ማስተካከል ነው፤ ይህም የመስኖ እርሻን አስተማማኝ አደረገው፤ የመስኖ እርሻው ደግሞ በወንዙ ዳርና ዳር ያለውን ሙላት የሚተኛበትን ሜዳ ያዘ፣ በአፈር ክትርም ከወንዙ ለየው። አርብቶ አደሩ የተጣላው ከእርሻው ጋር ነው፤ እርሻውን የወለደው ግን ግድቡ ነው።

ሜዳው ለአፋር ምን እንደ ነበር መረዳት ያስፈልጋል። በክረምት ደጋው ሲዘንብ አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በዚያን ጊዜ መንጋው ከወንዙ ርቆ ዝናብ ባበቀለው ሣር ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ሜዳው ለምለም ይሆናል፤ በበጋው ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱ የሚጠጋው እዚያ ነው። ስለዚህ ሜዳው በካርታ ላይ ከአጠቃላዩ መሬት ትንሽ እጅ ቢሆንም የቀረውን ሰፊ መሬት ዋጋ የሚሰጠው እርሱ ነው። ከዓመቱ ብዙውን ወር ሰው ስለማይታይበት ቀያሹ «ባዶ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ በመጣ ጊዜ ውጤቱ ታየ። ላርሽ ቦንደስታም በ1974 ባወጣው ጽሑፍ የሰሜን ምሥራቁን ቆላ ረኀብ ከእነዚህ እርሻዎች መስፋፋት ጋር አያይዞ ተንትኖታል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የአዋሽ ሸለቆ ተመራማሪዎችም በዝርዝሩ ቢለያዩም የትስስሩን መኖር አልካዱም።

ተቃውሞው እንዴት ይገለጥ ነበር? ከብትን ወደ ጥጡ በማስገባት፤ ከቦታ አልነሣም በማለት፤ በሌላ ወገን መሬት ላይ በመግፋት፣ እርሱም በተራው ከኢሳ፣ ከከረዩና ከአርጎባ ጋር ያለውን ግጭት እያባባሰ። የፖሊስ መዝገብ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በወንጀል ስም ነው። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ነገር ደግሞ ታሪኩን ቀላል እንዳናደርገው ይከለክለናል፤ የተንዳሆውን ኩባንያ መስፋፋት የተቋቋሙት ሱልጣን ራሳቸውም ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው። ለአውሳ ባለሥልጣን የነበረው ጥያቄ «ማን ያርሰው?» የሚል ነበር፤ ለመንጋው ጠባቂ ግን «ይታረስ ወይ?» የሚል። በሰኔ 1975 ከደርግ ጋር በተጋጩ ጊዜ ሱልጣኑ የሸሹት በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት ወደ ነበረችው ወደዚችው ወደ ጅቡቲ ነው።

የቋንቋ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያስተውለው የጊዜውን ቅደም ተከተል ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ሥርዐት በዲሚስና በሬዶ የተሰናዳው በ1970ዎቹ ነው። ቆቃ ሲገነባ፣ ተንዳሆ ሲታረስ፣ አዋሽ ሁለትና ሦስት ሲመረቁ በአፋርኛ አቤቱታ የሚጽፍም፣ ተጽፎ ቢቀርብለት የሚያነብም መሥሪያ ቤት አልነበረም። የፓርከርና የሄይዋርድ የአፋርኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1985 ነው። በእነዚያ ዐሥርት ዓመታት ወሬውን የተሸከመው ዳጉ ነው። ዳጉ ለአንባቢዎቼ እንግዳ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ሣሩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሰላሙ፣ በመንገድ ስላዩት እንግዳ ሰው በወግ የሚለዋወጡት ዜና ነው፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ መናገር ግዴታ ነው፤ የሐሰት ዳጉ ያስነውራል። ወንዙ ላይ ስለ ደረሰው ነገር የተሟላው መዝገብ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ዳጉ የሚኖረው እስኪነገር ድረስ ነው።

ከዳጉ ውጪ የተረፈ አንድ ምስክር አለ፤ እርሱም ስም ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባውን፣ የግጦሹን መሬት የወረረውን እሾኻማ ዛፍ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ ብለው ሰየሙት። አማርኛ ተናጋሪው በኋላ «የወያኔ ዛፍ» አለው። ሳይንሳዊ ስሙን «ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ» የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሣሩን ማን እንደ ወሰደው በአንድ የስም ሐረግ ተመዝግቧል፤ ከማንኛውም አቤቱታ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል።

መጣብን፣ መጣልን

አሁን ወደ «ጎርፍ» እንመለስ። በአማርኛ ግሥ ላይ የሚለጠፉት «-ብን» እና «-ልን» ድርጊቱ ለተናጋሪው ጉዳት ወይም ጥቅም መሆኑን ይለያሉ። ዝናብ «መጣልን» ይባላል፤ ጎርፍ «መጣብን» ይባላል። ደጋው በገደል ውስጥ በሚሮጥ ወንዝ ዳር ስለሚኖር ጎርፍ ለእርሱ አፈር ጠራጊ፣ ድልድይ ሰባሪ፣ ከብት ወሳጅ ነው። ደራሽ ውሃ የሚለው ሐረግ ራሱ ጠላትን ያስታውሳል። «ጎርፍ መጣልን» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰዋስዉ ሳይፈርስ ትርጉሙ ይፈርሳል፤ የሰማው ሰው ተናጋሪው ቋንቋውን አላወቀም ብሎ ያርመዋል።

ታችኛው አዋሽና ታችኛው ኦሞ ላይ ግን የሚያስፈልገው ዐረፍተ ነገር በትክክል ይህ ነው። አስተርጓሚው በአፋርኛ ወይም በሙርሲኛ የተነገረውን «በየዓመቱ የሚመጣው ውሃ ቀረብን» ወደ አማርኛ ሲያመጣ «ጎርፉ ቀረ» ይላል፤ ሰሚው ባለሥልጣን ደስ ይለዋል። እንዲያውም የግድብ ፕሮጀክት ሰነዶች ከጥቅሞቹ መካከል «ጎርፍ መከላከል»ን ይቆጥራሉ። በዚህ መንገድ የተቃዋሚው ዋና መከራከሪያ ተተርጉሞ ሲያልቅ የግድቡ ማመስገኛ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ አስተርጓሚውም አልተሳሳተም፤ ቃሉ ብቻ አገሩን ቀየረ።

አማርኛ ሌላ ቃል አልነበረውም ወይ? ነበረው። «ሙላት» አለ። «ወንዙ ሞላ» ማለት ከጎርፍ የተለየ ነገር ነው፤ የወቅት ነገር ነው፣ የሚጠበቅ ነው፣ መሻገሪያ እስኪገኝ የሚታገሡት ነው። ከዚያም ይበልጥ የተሻለ ቃል አለ። በጣና ዙሪያ፣ በፎገራና በደንቢያ፣ የሐይቁ ውሃ በበጋ ሲሸሽ ለእርሻ የሚገለጠው እርጥብ መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ውሃው መምጣቱም መሄዱም የእርሻው ሁለት እጆች መሆናቸውን በሁለት ቃል የያዘ ስም ነው። የኦሞ ወንዝ ዳር ማሳዎች፣ የአውሳ ሜዳዎች፣ በመሠረቱ ባሕር ሸሽ ናቸው። ነገር ግን ይህ የጎንደር ገበሬ ቃል ወደ መሥሪያ ቤት አማርኛ አልገባም፤ የመስኖ መሐንዲሱ በእንግሊዝኛ ተምሮ በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ ተርጓሚውም ከመዝገበ ቃላት «ጎርፍ»ን አነሣ። ጣና ላይ ራሱ፣ በ1996 የጨረጨራው መቆጣጠሪያ ሲሠራ፣ በ2010 የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ የሐይቁ መሙላትና መሸሽ ከወቅቱ እጅ ወጥቶ ወደ በር ከፋቹ እጅ ገባ፤ የጢስ ዐባይ ፏፏቴም ከዚያ ወዲህ በብዙ ቀናት የቀድሞው ጥላ ሆነ።

ከግእዙ «መልአ» የወረደው ይኸው ሥር በዘመናችን ሌላ ስም ወልዷል፤ «ሙሌት»። ከ2020 ወዲህ ከዜና ጠፍቶ የማያውቅ፣ የግድብ መያዣ በውሃ መሞላት ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። «ሙላት» ከማይሻገረው ግሥ ነው፤ ወንዙ በራሱ ይሞላል፣ ባለቤቱ ክረምት ነው። «ሙሌት» ከተሻጋሪው ነው፤ ግድቡ የሚሞላ፣ ሰውም የሚሞላው ነው፤ «አንደኛ ዙር»፣ «ሁለተኛ ዙር» ተብሎ ይቈጠራል። ውሃው ያው ውሃ ነው። ላይ «ሙሌት» በሆነ መጠን ታች «ሙላት» መሆኑ ይቀራል።

ኦሞ

ይህ ቃል ሳይለመድ ነገሩ አስቀድሞ የታየው በኦሞ ላይ ነው። ግልገል ጊቤ ሦስት ግንባታው በ2006 ተጀመረ፤ የአካባቢና የማኅበራዊ ተፅዕኖ ግምገማው ለሕዝብ የተገለጠው ግን በ2009 ነው። ግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሃ መያዝ የጀመረው በ2015፣ የተመረቀው በታኅሣሥ 2016 ነው። ከእርሱ በታች ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ኩዌጉ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች በወንዙ ዳር ሙላቱ ሲመለስ ማሽላ ይዘራሉ። ግምገማው ይህን አልካደም፤ ለዐሥር ቀናት ያህል ውሃ እየተለቀቀ «ሰው ሠራሽ ጎርፍ» ይኖራል የሚል መፍትሔም አቅርቧል። ሐረጉ በአማርኛ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አንባቢው ይፍረድ፤ ሰው ሠርቶ የሚያመጣው መከራ ይመስላል። ግድቡ ውሃ መያዝ በጀመረበት ዓመት የለመዱት ሙላት አልመጣም።

ስለ ሙርሲ አንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነውና። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ረግልስ በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ የሙርሲን የወር አቆጣጠር መርምረዋል። ሙርሲዎች በማንኛውም ዕለት «ስንተኛው ወር ላይ ነን?» በሚለው ጥያቄ ላይ መከራከራቸው የታወቀ ነው፤ ክርክሩ የሚዳኘው በኋላ፣ የታወቁ ምልክቶች ሲደርሱ ነው። ከምልክቶቹ ዋናዎቹ በምሽት የደቡብ ሰማይ ላይ ተራ በተራ የሚጠልቁ ከዋክብትና ከእነርሱ ጋር አብሮ የሚሄደው የኦሞ መሙላትና መመለስ ናቸው። ከከዋክብቱ አንዱ «ዋር» ይባላል፤ ኦሞም በሙርሲኛ «ዋር» ነው። ሰማዩና ወንዙ በአንድ ስም የተሳሰሩበት፣ አንዱ ሌላውን የሚያርምበት የዘመን ቀመር ነው። ኮከቡ አሁንም በጊዜው ይጠልቃል። ወንዙ ግን የሚነሣውና የሚወርደው በአዲስ አበባና በናይሮቢ፣ በፔካ 12ም የኃይል ፍላጎት መሠረት ሲሆን፣ ክርክሩን የሚዳኝ ምስክር የለም። ይህ ጥፋት በየትኛው የካሳ ቀመር ውስጥ ይገባል?

ተቃውሞውን በተመለከተ ድንበሩ ያደረገውን ልዩነት መመልከት ያስተምራል። ኦሞ ከቱርካና ሐይቅ ውሃ 90 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። በኬንያ በኩል ኢካል አንጀሌ የመሠረተችው «የቱርካና ሐይቅ ወዳጆች» ማኅበር ጉዳዩን ወደ ሀገሩ ፍርድ ቤት ወሰደ፤ እርሷም በ2012 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አገኘች፤ ዩኔስኮ በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባ። የቱርካና ተናጋሪው የትምህርትና የፍርድ ቤት ቋንቋ የሆነውን እንግሊዝኛ በእጁ ይዞ ነበር። ከድንበሩ በስተሰሜን ያለው ዳሰነች የሚጠብቀው ደግሞ ሁለት ትርጉም ነው፤ በመጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ቀጥሎ ከአማርኛ ወደ ውሳኔ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጥር 2011 በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የግድቡን ተቺዎች ሕዝቡ ለቱሪስት መስሕብ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልጉ የኋላ ቀርነት ወዳጆች አድርገው ነበር የገለጹት። ንግግሩ ለውጭዎቹ ድርጅቶች መልስ ነበረ፤ በዚያ መድረክ አካባቢውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ወገን ተከራካሪ ሆኖ አልተቈጠረም።

ተነሺ

ሕገ መንግሥቱ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት (1995 በአውሮፓውያኑ) አንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 5 «ዘላኖች» የሚላቸው ሰዎች ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ዘላን» የሚለውን ስም በኋላ መሥሪያ ቤቶቹ «አርብቶ አደር» በሚለው ተክተውታል፤ መልካም ለውጥ ነው። «መፈናቀል» የሚለውንም ተክተውታል፤ ይህኛው መልካም አይመስለኝም።

«ተፈናቀለ» የመጣው «ፈነቀለ» ከሚለው ነው። ፈንቃይ ድንጋዩን ከሥሩ ነቅሎ የሚያገላብጥ ነው፤ መፈንቅለ መንግሥትም ከዚሁ ግንድ ነው። ስለዚህ ተፈናቃይ ባለበት ሁሉ፣ ባይጠራም፣ ፈንቃይ አለ። የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን በርእሱ ላይ «ተነሺዎች» ይላል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ «የልማት ተነሺ» የተለመደ ሐረግ ሆኗል። ተነሺ የተነሣ ነው፤ ከወንበሩ የተነሣ፣ ከእንቅልፉ የተነሣ፣ ለመንገድ የተነሣ። አንሺ አያስፈልገውም። ሰዋስዉ አድራጊውን አስወጥቶ ድርጊቱን ለተደራጊው ትቶታል። የአዋጁ አርቃቂዎች ይህን ዐስበው አደረጉት አልልም፤ ምናልባትም ቃሉን የመረጡት ለስለስ ስላለ ነው። ሆኖም መለስለሱ የመጣው ከየት እንደ ሆነ ማሳየት የኛ ሥራ ነው።

ደግሞ የካሳ ሕጎቹ ከ455/1997 ጀምሮ በዋነኛነት የሚቈጥሩት በመሬቱ ላይ የሰፈረን ንብረት ነው፤ ቤት፣ ሰብል፣ ቋሚ ተክል፣ አጥር። ሙላት በመሬት ላይ የሰፈረ ንብረት አይደለም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከግድቡ 300 ኪሎ ሜትር በታች ያለ ሰው ማንም ከቦታው አላነሣውምና ተነሺ እንኳ አይባልም። የተነሣው ወንዙ ነው።

በነሐሴ 2020 በታችኛው አዋሽ ውሃው ተመልሶ መጣ። ክረምቱ በርትቶ ግድቦቹ ሞልተው ስለ ነበር፣ በአሚባራ፣ በአሳኢታና በአፋምቦ ብዙ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ይህኛው በደጋው አማርኛ ትርጉም ጎርፍ ነበረ፤ መጣብን የሚባል። ሣር የሚያበቅለውን ውሃ የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ቤት የሚያፈርሰውን ውሃ ብቻ የሚያውቁ ልጆቻቸው አሁን በአንድ ቃል ስለ ሁለት ነገር ይነጋገራሉ።

ከ1960 በፊት የነበረውን ሙላት በዐዋቂ ዐይን ያዩ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ አልፏቸዋል። ለውሃው አመጣጥ፣ ለአተኛኘቱ፣ ለአመላለሱ፣ ከኋላው ለሚበቅለው ሣር ዐይነትና ለእያንዳንዱ ደረጃ መንጋው ስለሚንቀሳቀስበት ቅደም ተከተል የነበሩትን የአፋርኛ ቃላት ለመሰብሰብ የሚቻለው ከእነርሱ ነው፤ የ1985ቱ መዝገበ ቃላት ጥሩ መነሻ ነው፣ የዲዲዬ ሞረን የታሪክ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ፤ ሆኖም ሁለቱም ለዚህ ዐላማ የተሰናዱ አይደሉም። ሥራው አሳኢታ ድረስ መሄድን የግድ አይጠይቅም። ዘመዶቻቸውን ተከትለው፣ ሕክምና ፍለጋ፣ ወይም በ1975 ሸሽተው መጥተው የቀሩ አረጋውያን በዚሁ በባልባላና በፔካ 12 አሉ። አቤ ሐይቅም ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ውሃው ባለፉት ስድስትና ሰባት ዐሥርት ዓመታት ከቀድሞ ዳርቻው ርቆ ሸሽቷል፤ የሸሸበት መሬት ነጭ ጨውና የኖራ ድንጋይ ዐምዶች የቆሙበት ነው፤ ማንም አይዘራበትም።